መጀመሪያ ሰዓቱን

አዲስ ስዊች ላይ ሎግ ሳዘጋጅ ከሁሉ በፊት የምነካው ሰዓቱን ነው። ብዙ ባልደረቦቼ የሰርቨሩን አይፒ ጽፈው «ሎጊንግ ሆስት» ካሉ በኋላ ሥራው አለቀ ይላሉ። መልእክቱስ ይደርሳል። ነገር ግን ብዙዎቹ የቆዩ ካታሊስት ስዊቾች መብራት ሄዶ ሲመጣ ቀኑን ከማርች 1 ቀን 1993 ነው የሚጀምሩት። እዚያው በሎጉ መስመር ራስ ላይ የምትቀመጠው ኮከብ ምልክት «ሰዓቴን አትመኑ» ማለት ናት፤ ልብ የሚላት ግን ጥቂት ነው።

እኛ አገር ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ጥበቃው «ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ሄዶ ነበር» ይላል። ይህ በፈረንጅ አቆጣጠር 2፡00 ነው፤ በዩቲሲ የተተወ ስዊች ደግሞ ያንኑ ደቂቃ በዋዜማው 23፡00 ብሎ ይመዘግበዋል። (የቀን መቁጠሪያውን ልዩነት ገና አላነሳሁም።) ስለዚህ ኤንቲፒ እሞላለሁ፣ የሰዓት ክልሉን ፕላስ 3 አደርጋለሁ፣ ክልሉ በየመስመሩ እንዲጻፍም አዛለሁ። ሁሉም በዩቲሲ ይሁን የሚሉ አሉ፤ ውጭ አገር መሣሪያ ላለው ድርጅት እውነታቸውን ነው። እዚሁ ላለ ቢሮ ግን፣ ሰዓታችን በክረምትና በበጋ ስለማይገፋ፣ የአገሩ ሰዓት ይሻላል ባይ ነኝ። በፈረንጁና በእኛ አቆጣጠር መካከል ያለችውን ስድስት ሰዓት በጭንቅላት መደመር አያቅትም።

መልእክቱን ወደ ሰርቨሩ የሚወስደው ሲስሎግ የኤሪክ ኦልማን ሥራ ነው፤ በ1980ዎቹ በርክሌይ ውስጥ ለሴንድሜይል ብሎ ነበር የጻፈው። የክብደት ደረጃዎቹ ከ0 እስከ 7 ናቸው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ችግሩ ይከብዳል። ወደ ሰርቨሩ እስከ 6 እልካለሁ፣ ወደ ኮንሶሉ የሚሄደውን አጠፋዋለሁ። መልእክት ሲበዛ ቀርፋፋው ኮንሶል ስዊቹን ራሱን ያንገላታዋል።

ዋናው ጉዳይ ግን ሎጉ የት ይቀመጥ የሚለው ነው። ሲስሎግ እንደ ልማዱ በዩዲፒ ፖርት 514 ይሄዳል፤ ደረሰኝ የሚባል ነገር የለውም። ወደ ሰርቨሩ የሚያደርሰው ዋና መስመር ሲወድቅ፣ «መስመሩ ወደቀ» የሚለው መልእክት የሚሄድበት መንገድ ያው የወደቀው ነው። ያኔ የሚገኘው ስዊቹ ውስጥ ባለው በፈር ብቻ ነው። በፈሩም ካልነኩት ብዙ ጊዜ 4096 ባይት ነው፤ አንድ የላላ ኬብል ቶሎ ቶሎ ሲነሳና ሲወድቅ ወዲያው ይሞላውና የቀደመውን ይደመስሰዋል። ወደ 64000 ከፍ አደርገዋለሁ። ይህም ራም ላይ ነውና መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ የሚያወጣን ሰርቨሩ ነው። አንዱን ብቻ ያዘጋጀ ሰው ከሁለቱ አደጋዎች ለአንዱ ራቁቱን ነው።

ጠዋት ሠራተኛው ኮምፒውተሩን ሲከፍት የሚጎርፈውን የፖርት ተነሳ-ወደቀ መልእክት በተጠቃሚ ፖርቶች ላይ አጠፋለሁ። ወደ ሌላ ስዊችና ወደ ሰርቨር የሚሄዱትን አልነካም። የማክ አድራሻ ከፖርት ፖርት ሲዘል የሚመጣውን ማስጠንቀቂያ ደግሞ ማንም ቢለምነኝ አላጠፋም፤ ብዙ ጊዜ ሉፕን ቀድሞ የሚናገር እሱ ነው።

ሎጉ መድረሱን ለመሞከር ፖርት መዝጋት አያስፈልግም። ኮንፊገሬሽን ውስጥ ገብቼ ምንም ሳልቀይር እወጣለሁ፤ ስዊቹ በደረጃ 5 ማን ከየትኛው አድራሻ ገብቶ እንደወጣ ይጽፋል። ከዚያ ሰርቨሩ ላይ ስሜን፣ አድራሻዬንና ሰዓቱን አያለሁ። ከእጅ ሰዓቴ ጋር ካልገጠመ ወደ ኤንቲፒው እመለሳለሁ።