ከኮሶ ሻጪዋ እስከ እቴጌ ጥሩ ወርቅ
በደብረ ታቦር ዘመን ታሪካዊ ድርሰት ውስጥ ስለ ሴቶች ንቀትና ፍቅር

ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የተጻፉት ድርሰቶች በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ሰፊ ቦታ ይዘዋል። የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ቴአትር «ቴዎድሮስ» በ1942 ዓ.ም. ታተመ፤ የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ» በ1958፣ የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» በ1961፣ ብርሃኑ ዘሪሁን ወደዚያው ዘመን ተመልሶ የጻፈው «የታንጉት ምሥጢር» ደግሞ በ1979 ዓ.ም. ለአንባቢ ቀረቡ። ስለ እነዚህና ስለ መሰሎቻቸው ክርክር በተነሣ ቁጥር ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ደራሲው ንጉሡን አከበራቸው ወይስ አሳነሳቸው? እኔ በዚህ አጭር ጽሑፍ የማነሣው ጥያቄ ከዚህ ይለያል። በዚያ ዘመን በቤጌምድር ደጋ የኖሩ ሴቶች የደረሰባቸውን ንቀትና ያገኙትን ፍቅር ታሪካዊ ድርሰት በምን ሚዛን ሊመዝነው ይገባል? የሚል ነው።

አስቀድሞ የቦታውን ነገር መግለጽ ያስፈልጋል። ደብረ ታቦር በጉና ተራራ ግርጌ በየጁው ራስ ጉግሣ የተቆረቆረች፣ ኋላም የልጅ ልጃቸው የራስ ዓሊ መቀመጫ የሆነች ከተማ ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ከነገሡ በኋላ ደብረ ታቦርን ከዋና ዋና ሰፈሮቻቸው አንዷ አደረጓት፤ በአጠገቧ በጋፋት መድፍ አሠሩ፤ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ መቅደላ ሲነሡም አቃጠሏት። ከዚህ በታች ስማቸው የሚጠራው ሴቶች ሁሉ ዕጣቸው ከዚህች ከተማ ጌቶች ጋራ የተያያዘ ነው።

ነገሩን ከታወቀው ስድብ እንጀምር። የንጉሡ እናት ወይዘሮ አትጠገብ ከባለቤታቸው ከተለዩ በኋላ በጎንደር በድህነት ኖሩ፤ ኮሶም ይሸጡ ነበር ይባላል። የካሣ ጠላቶች «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቧቸው እንደ ነበር ያልሰማ የለም። ደጃዝማች ወንድይራድ የሚባሉት የእቴጌ መነን የጦር አለቃ ይህንኑ ስድብ ተናግረው ዘመቱ፤ ተሸንፈው በተያዙ ጊዜም ካሣ ኮሶ አስጠጧቸው እየተባለ ይተረካል። ታሪኩ ለቴአትር የሚመች ነው፤ አድማጭንም ያስቃል።

ነገር ግን ቆም ብለን ስድቡን ብንመረምረው ሌላ ነገር ይታየናል። ኮሶ በደጋ የሚበቅል ዛፍ ነው፤ አበባው ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሕዝብ ሁሉ የሚጠጣው መድኃኒት ነው። ራሱም ይጠጣዋል፤ ሎሌውም ይጠጣዋል። እንግዲህ ነውሩ በመድኃኒቱ ላይ አልነበረም። ነውር የተባለው ባል የሌላት ወይዘሮ ገበያ ወጥታ በገዛ እጇ እንጀራዋን ማግኘቷ ነው። ስድቡ የተነገረው ለልጁ ይሁን እንጂ የሚያርፈው በእናቲቱ ኑሮ ላይ ነው። በተለመደው አተራረክ ግን እናቲቱ ስድቡ እንደ ተነገረ ከመድረኩ ትወርዳለች፤ የቀረው የልጁ ቍጣና የልጁ በቀል ብቻ ነው። የተናቀችው እርሷ ሆና ሳለ የተበቀለው እርሱ፣ የተካሰውም እርሱ ይሆናል። «አንድ ለናቱ» የሚለውን ርእስ እንኳ ብንወስድ እናትን የሚጠራት በልጇ በኩል ነው። ይህን የምለው የአቤ ጉበኛን ድካም ለማቃለል አይደለም፤ ልማዱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ሆነ ለማሳየት ነው።

ሁለተኛዋ እቴጌ ተዋበች ናቸው። የራስ ዓሊ ልጅ ለካሣ የተዳሩት ሽፍታውን በጋብቻ ገመድ ለማሰር ታስቦ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። አሳሪዎቹ ያላሰቡት ነገር ደረሰ፤ ገመዱ ፍቅር ሆነ። በሰፊው እንደሚነገረው ካሣ ቆስለው በተኙ ጊዜ ለወጌሻው የሚሆን ፍሪዳ ቢጠይቁ፣ እቴጌ መነን ለንቀት አንድ ብልት ሥጋ ብቻ ላኩላቸው፤ በዚህ ተቈጥተው ባላቸውን ለዐመፅ ያነሣሡትም ተዋበች ናቸው ይባላል። ደራሲዎች ይህን ትዕይንት የሚወዱት ታማኝ ሚስትን ስለሚያሳይ ነው። እኔ ግን አንድ ጥያቄ ልጨምርበት እወዳለሁ፤ ይህ ታማኝነት ለተዋበች ምን አስከፈላቸው? በሰኔ 1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ድል የሆኑት አባታቸው ናቸው። ባላቸው ዙፋን ላይ በወጡበት መንገድ የተዋበች የአባት ቤት ፈርሷል። በአንዲት ሴት ልብ ውስጥ የድል ዜናና መርዶ በአንድ ቀን ሲገቡ ምን እንደሚሆን ለመጻፍ ከታሪካዊ ድርሰት የተሻለ ስፍራ የለም። ተዋበች በነሐሴ 1850 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ግን የሚተረከው በአብዛኛው የንጉሡ ሐዘን ነው። እንባው የቴዎድሮስ ነው፤ የተዋበችን እንባ ማን ጻፈው?

ስለ እቴጌ መነንም አንድ ቃል መናገር ይገባል። በተለመደው አተራረክ ትዕቢተኛዋ ናቂ እርሳቸው ናቸው። ሆኖም መነን ራሳቸው የወሎው እስላም ባላባት የሊበን አመዴ ልጅ ሆነው፣ የጎንደር መኳንንት የየጁን ቤት በጎን ዓይን በሚያይበት ዘመን የእቴጌነትን ማዕርግ የያዙ ሴት ነበሩ። የተናቀ ሰው ከእርሱ በታች ያገኘውን መናቁ በሰው ልጅ ኑሮ የታየ ነገር ነው። ይህን የሚያስተውል ደራሲ መነንን ክፉ ብቻ አድርጎ ከመሣል ይድናል፤ ንቀት ከአንዱ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚተላለፍም ለማሳየት ይችላል።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደ ተበደሉት እንምጣ። እቴጌ ጥሩ ወርቅ የሰሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ ልጅ ናቸው። ቴዎድሮስን ሲያገቡ አባታቸው የእርሳቸው እስረኛ ነበሩ። በሚያዝያ 1853 ዓ.ም. ልዑል ዓለማየሁን ወለዱ። መቅደላ ታስሮ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ሄንሪ ብላንክ በ1868 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ስለ እርሳቸው የሚተርከው ወሬ አለ። ንጉሡ ወደ እልፍኛቸው ቢገቡ ጥሩ ወርቅ ዳዊታቸውን ከማንበብ ቀና ሳይሉ ቀሩ፤ ምክንያቱን ቢጠየቁም ከእርስዎ ከሚበልጥ ንጉሥ ከዳዊት ጋራ እየተነጋገርሁ ነው የሚል መልስ ሰጡ ይላል። ከዚህ ወሬ የተነሣ ጥሩ ወርቅ በብዙዎች ዘንድ የኩሩና የቀዝቃዛ ሚስት ምሳሌ ሆነው ቀሩ።

በዚህ ላይ ሁለት ነገር መታየት አለበት። አንደኛ፣ ብላንክ እስረኛ ነበር፤ በእቴጌይቱ እልፍኝ የተነገረውን በጆሮው አልሰማም፤ የሰማው ወሬውን ነው። ሁለተኛ፣ ወሬው እውነት ነው ብንል እንኳ አባቷን በሰንሰለት ላሰረ ሰው አንዲት ልጅ ልትሰጠው የምትችለው መልስ ይህ ነው፤ መሣሪያዋ መጽሐፍ፣ ምሽጓ ጸሎት ነበረ። ይህን ትዕቢት ብሎ ማለፍ ፍርድን ማዛባት ነው። ከመቅደላ ውድቀት በኋላ በግንቦት 1860 ዓ.ም. ጥሩ ወርቅ በትግራይ በአንጣሎ አጠገብ በጕዞ ላይ ሞቱ፤ ልጃቸውም ያለ እናት ወደ እንግሊዝ ሄደ።

እንግዲህ የልማዱን አሠራር ልንገልጸው እንችላለን። ያ ዘመን ለሁለት ይከፈላል፤ ተዋበች የመልካሙ እኩሌታ፣ ጥሩ ወርቅ የክፉው እኩሌታ ምልክት ይሆናሉ። ይህ አከፋፈል ከአገር ቤት ትዝታ ብቻ የመጣ አይደለም። የተዋበችን፣ የፕላውደንንና የጆን ቤልን ሞት አንድ ላይ ቈጥረው «ከዚያ ወዲህ ንጉሡ ተለወጠ» ያሉት የውጭ አገር ጸሐፊዎችም አጽንተውታል። በዚህ አከፋፈል ሴቲቱ የንጉሡ ጠባይ መለኪያ ትሆናለች እንጂ የራሷ ጠባይ አይኖራትም። ከአከፋፈሉ ውጭ የሆነች ሴት ደግሞ ጨርሳ ትረሳለች። ብላንክ ራሱ የሚያነሣቸውን፣ የአምስት ልጆች እናት ሆነው ሳለ ንጉሡ በኋለኛው ዘመናቸው አብልጠው የወደዷቸውን የየጁዋን ወይዘሮ የተመኙን ለዚህ መጥቀስ ይበቃል። ልጃገረድ ያልሆነች፣ የከበረ አባት ስም የማይጠራላት ሴት ስትወደድ ደራሲው የት እንደሚያስቀምጣት ይቸግረዋል።

የጋፋት ሴቶችም እንዲሁ ናቸው። በጋፋት የሠፈሩት አውሮፓውያን የእጅ ሠራተኞች ኑሯቸው ከአገሩ ጋራ በጋብቻ ተሳስሮ ነበር። ዋልድማየር የሊቀ መኳስ ዮሐንስን፣ ማለት የጆን ቤልንና የኢትዮጵያዊት ሚስቱን ልጅ አገባ። የፖላንድ ተወላጅ የሆነው መድፍ ቀላጭ ሞሪትስ ሆል ደግሞ ወለተ ኢየሱስ የምትባለውን፣ ሠዓሊው ኤድዋርድ ዛንደር ከኢትዮጵያዊት የወለዳትን አገባ፤ ከመቅደላ በኋላ ያፋ ወረዱ፤ ዝነኛው ተዋናይ ፒተር ዩስቲኖቭ ከዚሁ ቤት ዘር ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውና ሸክላ የሚሠራው ሰው «ቡዳ» እየተባለ በሚናቅበት አገር ለቀጥቃጭ ያውም ለፈረንጅ መዳር ምን ማለት እንደ ነበረ እስኪ እናስብ። ሴባስቶፖልን ስለ መሥራት ብዙ ተጽፏል፤ መድፉ በሚቀለጥበት ሰፈር ምጣዱን ስለ ጣዱት ሴቶች ግን እምብዛም አልተጻፈም።

«ማስረጃው ጥቂት ነው፤ ደራሲ ምን ያድርግ?» የሚል ሊኖር ይችላል። ተገቢ መቃወሚያ ነው። አለቃ ዘነብም ሆኑ አለቃ ወልደ ማርያም ዜና መዋዕል የጻፉት የንጉሥን ሥራ ለመመዝገብ ነው፤ የሴቶችን ልብ ከእነርሱ መፈለግ አይቻልም። ይሁን እንጂ ጎዶሎው የሚሞላው ከባሕር ማዶ በተቀዳ ልብ ወለድ አይደለም። በእንግሊዝ ልብ ወለድ፣ ለምሳሌ በጄን ኦስተን ድርሰቶች፣ ሀብት የሌላት ልጃገረድ በመናቅ ትጀምርና ባለጠጋው ሲወዳት ትድናለች። ይህ ታሪክ የተወለደው ያገባች ሴት እስከ 1882 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ድረስ ሀብቷን በሙሉ በራሷ ስም ለመያዝ በማትችልበት አገር ነው። በቤጌምድር ደጋ ግን ርስት በአባትም በእናትም ይቈጠራል፤ ሴት ልጅ ትወርሳለች፤ የሰማንያ ጋብቻ ቢፈርስ ድርሻዋን ይዛ ወደ ወገኖቿ ትመለሳለች። በአንጻሩ ቍርባን የማይፈታ ማሰሪያ ነው። ስለዚህ የእኛ አገር ሴት ፍቅሯ የሚፈተነው ማን አዳናት በማለት አይደለም፤ ለመሄድ መብት ሳላት ለምን ቀረች? በማለት ነው። ቴዎድሮስና ተዋበች በቍርባን መጽናታቸው ትርጕሙ የሚገለጸው ይህን ስናውቅ ነው። የኛን ሴት በተውሶ ቀሚስ ማልበስ ንቀቷንም ፍቅሯንም ያጠፋዋል።

ከዚህ በላይ ካልሁት ሦስት መመዘኛ ይወጣል። በመጀመሪያ፣ ንቀቱ የደረሰባት ሴት ከስድቡ በኋላ በድርሰቱ ውስጥ ትኖራለችን? ቀጥሎ፣ ፍቅሯ የሚታወቀው እርሷ በከፈለችው ዋጋ ነው ወይስ ወንዱ ባፈሰሰው እንባ? በመጨረሻም፣ ኑሮዋ በአገሩ ርስት፣ ጋብቻና ሥራ ላይ የቆመ ነውን? በሴት ስም የተጠራው «የታንጉት ምሥጢር» በዚህ መመዘኛ እንደ ገና ሊነበብ ይገባዋል፤ የዘመኑን ታሪክ በሴት ስም መጥራት ራሱ አንድ እርምጃ ነውና።

ለጥናት ባልደረቦቼ አንድ ሐሳብ አቅርቤ ልጨርስ። የቤጌምድር ሴቶች ከዜና መዋዕል ጸሐፊዎች ያላነሰ አንደበት ነበራቸው፤ ሙሾ አውራጆች፣ የሰርግ ዘፋኞች፣ ወፍጮ ላይ የሚያንጐራጕሩ ነበሩ። ዛሬ በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በጎንደርና በባሕር ዳርም እንዲሁ። ከፋርጣ እስከ እስቴ፣ ከጋይንት እስከ ደራ እየዞሩ አሮጊቶች የሚያስታውሱትን ግጥም ከነተናጋሪዋ ዕድሜና መንደር መመዝገብ ለአንድ ተማሪ የክረምት ዕረፍት የሚበቃ ሥራ ነው። የሚቀጥለው የታሪክ ደራሲ ስለ ወይዘሮ አትጠገብ ሲጽፍ ጠላቶቿ ከተናገሩት ስድብ በቀር ሌላ ምንጭ ያገኝ ዘንድ ይህ ሥራ ሳይዘገይ ቢጀመር መልካም ነው።