ከቅጠል ወደ ስም፦ የጠፉ ዕፅዋትን የመለየት ፈተና

የጥንት አበባ አብቃይ ዕፅዋትን የሚያጠና ባለሙያ በብዛት የሚያገኘው ቅጠልን ነው። ዛፍ በዕድሜው ሥፍር ቁጥር የሌለው ቅጠል ያረግፋል፤ አበባ ግን ስስ በመሆኑ ወደ ቅሪተ አካልነት የሚለወጠው ከስንት አንዴ ነው። የዕፅዋት ምደባ በአንጻሩ የቆመው በዋናነት በአበባና በፍሬ ላይ ነው። ስለዚህ ለተነጠለ ቅጠል የሚሰጥ ስም ሁሉ ማስረጃው ተቆጥሮ መመርመር ያለበት ድምዳሜ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ ቅሪተ ቅጠሎች በመልካቸው ብቻ ከዘመናችን ዛፎች ጋር እየተመሳሰሉ በሕያዋን ወገኖች ስም ተመዘገቡ። መልክ ግን ያሳስታል፤ ጠርዙ ያልተጠረሰ፣ ጫፉ የሾለ ሞላላ ቅጠል በዝምድና በማይቀራረቡ በርካታ ቤተሰቦች ውስጥ አለ። ሊዮ ሂኪ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው የቅጠል አወቃቀር ምደባ ጥያቄውን አጠራው፦ የጎን ጅማቶች ጠርዙ ላይ ያበቃሉ ወይስ ታጥፈው እርስ በርስ ይያያዛሉ? በመካከላቸው ያሉት ቀጫጭን ጅማቶችስ እንዴት ተዘርግተዋል? ገለፈቱ ተርፎ ከሆነ፣ በማይክሮስኮፕ የሚታዩት የሕዋሳቱ ቅርጽና የመተንፈሻ ቀዳዳዎቹ አደረጃጀት ተጨማሪ ምስክር ይሆናሉ።

ከጎንደር በስተምዕራብ፣ በጭልጋ አካባቢ የተገኘው የጓንግ ወንዝ ቅሪት የዚህን ጥንቃቄ ዋጋ ያሳያል። ዕድሜው 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። አሮን ፓንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ከጥራጥሬ ቤተሰብ የሆነውን ሲኖሜትራ ጫካ የተባለውን የጠፋ ዝርያ ከዚሁ ቅሪት ገልጸዋል። በዚህ ቤተሰብ በቅጠሊት ግርጌ የሚታየው የተሸበሸበ እብጠት የቤተሰቡን ማንነት በእጅጉ ይጠቁማል፤ ወገኑን ለመወሰን ግን ብቻውን አይበቃም። ከጭልጋ ከተለዩት ዘንባባዎች አንዱ ደግሞ የኤሬሞስፓታ ወገን ነው፤ ይህ ሐረግ መሰል ዘንባባ ዛሬ በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ እርጥብ ደኖች ይበቅላል እንጂ በኢትዮጵያ የለም። መለየቱ ስሕተት ቢሆን ኖሮ፣ በዚያ ዘመን ጭልጋ ላይ እርጥብ ደን ነበር ለሚለው ሐሳብ ከሚቀርቡት ምስክሮች አንዱ ይወድቅ ነበር።

ኮምፒውተር ሸክሙን ያቃልል ይሆን? ፒተር ዊልፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 በ7,597 የቅጠል ምስሎች ያሠለጠኑት ፕሮግራም 19 ቤተሰቦችን በ72 በመቶ ትክክለኛነት ለይቷል። ውጤቱ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ፕሮግራሙ የሚመርጠው ከተማራቸው ቤተሰቦች ብቻ ነው፤ የጠፋ የዘር ሐረግ ከፊቱ ቢቀርብ ከሚያውቃቸው ወደ አንዱ ይመድበዋል። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሊቃውንት የወደቁበት ወጥመድም ይኸው ነበር።

ማስረጃው ቤተሰብ ላይ ሲቆም ስሙም እዚያው ይቁም፤ ቤተሰቡም ካልታወቀ ቅጠሉ ተገልጾ በቁጥር ይመዝገብ። ያልተሰየመ ነገር ግን በደንብ የተገለጸ ቅጠል ለቀጣዩ ተመራማሪ ክፍት ነው፤ በችኮላ የተሰየመው ግን በዝርያዎች ታሪክና በጥንቱ አየር ንብረት ስሌት ውስጥ ገብቶ ስሕተቱን ያራባል። ለኢትዮጵያ ቅሪቶች ይህን ሥራ በቅጡ ለመሥራት ከአገር ውስጥ ሄርባሪየም ባሻገር የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ የደረቁ ናሙናዎች የግድ ያስፈልጋሉ፤ የጭልጋ ዕፅዋት የቅርብ ዘመዶች ዛሬ የሚገኙት በአብዛኛው እዚያ ነውና።