ቁልፉን ከቤቱ ያላወጣ፦ የብላክቤሪ ኢንተርፕራይዝ ሰርቨር መታሰቢያ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 4 ቀን 2022 ብላክቤሪ ኩባንያ የቆዩ ስልኮቹን ደግፎ ያቆመውን አገልግሎት ዘጋ። ብላክቤሪ 7.1ንና ከዚያ በፊት የወጡትን፣ ብላክቤሪ 10ንም ጭምር የያዙ ስልኮች ከዚያ ቀን በኋላ ለኢንተርኔት፣ ለጥሪና ለአጭር መልእክት የሚታመኑ እንደማይሆኑ ኩባንያው አስቀድሞ አስታውቆ ነበር። በዚያ ሰሞን ብዙ የስንብት ጽሑፍ ተነበበ፤ አብዛኛው ያዘነው ለኪቦርዱ ነው። ስለ ሌላኛው ሟች የጻፈ ግን ጥቂት ነው። እሱ በሰው ኪስ ገብቶ አያውቅም። በየመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ክፍል ቆሞ፣ ከሚንከባከቡት ሁለት ሦስት ባለሙያዎች በቀር ማንም ሳያየው ኖረ። ሙሉ ስሙ ብላክቤሪ ኢንተርፕራይዝ ሰርቨር ነው፤ የሙያው ሰዎች ባጭሩ ቤስ ይሉታል።

በእኛ አገር ሰው ሲሸኝ የሕይወት ታሪኩ ይነበባል። ለሰርቨር እንዲህ ያለ ወግ የለም፤ መብራቱ ይጠፋል፣ ገመዱ ይነቀላል፣ በቃ። ለዚህኛው ግን ታሪኩ ሊነበብለት ይገባል። ዛሬ በአንድ መሥሪያ ቤት ያሉ ስልኮችንና ታብሌቶችን ሁሉ ከአንድ ወንበር ሆኖ ማዘዝ ተራ ነገር ሆኗል። ይህን ለብዙ ባለሙያ መጀመሪያ ያስተማረው እሱ ነበርና። (ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የትውልድ ቦታው በካናዳ፣ ኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት የምትገኘው ዋተርሉ ናት። ብላክቤሪ ከመባሉ በፊት ሪሰርች ኢን ሞሽን ይባል የነበረውን ኩባንያ ማይክ ላዛሪዲስና ዳግላስ ፍሬጊን በ1984 አቋቋሙት። ላዛሪዲስ ኢስታንቡል ውስጥ ከግሪክ ቤተሰብ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ ካናዳ የሄደ ሰው ነው። በጃንዋሪ 1999 ብላክቤሪ የሚል ስም ይዞ የወጣው መሣሪያ ስልክ አልነበረም፤ ድምፅ አያስተላልፍም። በአንዲት ተራ የእጅ ባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ ትንሽ መስኮትና ኪቦርድ ያለው የኢሜይል መቀበያ ነበር። ጆሮ ላይ ባይሆንም በማዳመጫ ገመድ የሚያናግረው ሞዴል የመጣው በ2002 ነው።

ያን መሣሪያ መሣሪያ ያሰኘው በስተጀርባው የቆመው ሰርቨር ነው። በዚያ ዘመን የመሥሪያ ቤት ኢሜይል ከመሥሪያ ቤት አይወጣም። ከቢሮ ውጭ ያለ ሰው ፖስታውን ለማየት ላፕቶፑን ከስልክ መስመር ጋር አያይዞ፣ ደውሎ፣ ተሰልፎ ይጠብቃል። ቤስ ይህን ገለበጠው። ከኢሜይል ሰርቨሩ አጠገብ ተቀምጦ የእያንዳንዱን ተጠቃሚ ሣጥን ይጠብቃል፤ አዲስ ነገር ሲገባ ባለቤቱ ሳይጠይቅ ወደ እጁ ይገፋዋል። መጀመሪያ ለማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ፣ ኋላም ለሎተስ ዶሚኖና ለኖቬል ግሩፕዋይዝ ሠራ።

አሠራሩ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ክብሩ እዚያ ላይ ነውና። ሰርቨሩ ከፋየርዎሉ በስተውስጥ ይቀመጣል። ወደ ውጭ የሚከፈትለት አንድ በር ብቻ ነው፤ ቁጥሩ 3101። ግንኙነቱን የሚጀምረው ሁልጊዜ እሱ ራሱ ስለሆነ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚገባ ቀዳዳ መክፈት አያስፈልግም። የኔትወርክ ደኅንነት ኃላፊዎችን ብቻውን ያስታረቀ ነገር ነው፤ እነዚህ ሰዎች በር ክፈቱ ሲባሉ ምን ዓይነት ፊት እንደሚያሳዩ የሚያውቅ ያውቀዋል። መልእክቱ ሰርቨሩ ላይ ይመሰጠራል፤ መጀመሪያ በትሪፕል ዴስ የምስጠራ ዘዴ፣ ከአራተኛው የሰርቨሩ ትውልድ ጀምሮ በኤኢኤስ። ከዚያ በኩባንያው ማስተላለፊያ ማዕከል በኩል አልፎ ስልኩ ላይ ይፈታል። ማዕከሉ በማኅተም የታሸገ ደብዳቤ እንደሚያደርስ መልእክተኛ ነው፤ ይሸከማል እንጂ አያነብም። ቁልፉ ያለው በሁለት ቦታ ነው፤ በሠራተኛው እጅ ባለው መሣሪያና በመሥሪያ ቤቱ ክፍል ውስጥ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መሣሪያው በኬብል ከኮምፒውተር ጋር ተያይዞ ቁልፉ ሲፈጠር ተጠቃሚው ማውሱን ወዲያ ወዲህ እንዲያንቀሳቅስ ይጠየቅ ነበር። ያ ዝብርቅርቅ የእጅ እንቅስቃሴ ማንም የማይገምተውን ቁጥር ያወጣል። ሰዎች ቀልድ ይመስላቸውና እየሳቁ ያደርጉት ነበር።

ቀጥሎ ያለው ነው ለኛ ለባለሙያዎቹ አዲስ ዓለም የከፈተው። ቤስ ፖስታ ከማድረስ ባሻገር ስልኮችን በደንብ ያስተዳድራል። አይቲ ፖሊሲ የሚባል ሰነድ ነበረው፤ በመጨረሻዎቹ ትውልዶቹ በዚያ ሰነድ ውስጥ ከ400 በላይ ደንቦች ተቀምጠዋል። የይለፍ ቃሉ ስንት ፊደል ይሁን? ካሜራው ይከፈት ወይስ ይዘጋ? ብሉቱዝ በምን ልክ ይፈቀድ? ሠራተኛው ከውጭ ፕሮግራም መጫን ይችላል? አንዱን ደንብ ቀይረህ ስታስቀምጥ ትእዛዙ በአየር ይሄዳል፤ ናይሮቢ ያለውም ጄኔቫ ያለውም ስልክ ይቀበለዋል። ስልኩ እምቢ ማለት አይችልም፣ ባለቤቱም መሻር አይችልም። ከዚያ በፊት አንድ ቅንብር ለመለወጥ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ ሰብስቦ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ነበር።

አዲስ ስልክ ማስገባትም ከአራተኛው ትውልድ ወዲህ ያለ ኬብል ሆነ። አስተዳዳሪው ጊዜያዊ የይለፍ ቃል ይሰጣል፤ ሠራተኛው ባለበት ሆኖ የኢሜይል አድራሻውንና ያን ቃል ያስገባል፤ ኢቲፒ ዶት ዳት የምትባል አባሪ የያዘች ኢሜይል ወደ ሣጥኑ ትገባለች፣ ሰርቨሩ ይይዛታል፣ ስልኩ ቀስ በቀስ ይሞላል። ያቺ ኢሜይል ሣጥኑ ውስጥ ቆማ ከቀረች የሆነ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ባለሙያው ሌላ ምልክት ሳይጠብቅ ሥራውን ከዚያ ይጀምራል።

ስልክ ሲጠፋ ደግሞ ሁለት ትእዛዝ ነበረው። አንዱ የባለቤቱን ስምና አድራሻ በተቆለፈው መስኮት ላይ ያወጣል፤ ያገኘ ደግ ሰው እንዲመልስ። ሌላኛው ሁሉንም ያጠፋል። የይለፍ ቃሉን 10 ጊዜ የሳተም ስልክ ራሱን ያጸዳል። ደግነቱ መሐል ላይ ቆም ብሎ፣ ብላክቤሪ የሚለውን ቃል ፊደል በፊደል ጻፍልኝ ይላል፤ ኪስ ውስጥ ራሱን የነካካ ስልክ እንዳይሆን፣ ወይም ሕፃን እየተጫወተበት እንዳይሆን። ይህን ያሰበ መሐንዲስ ልጆች ያሉት ሰው ይመስለኛል።

በአሜሪካ በሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 የሽብር ጥቃት ደርሶ የእጅ ስልክ መስመሮች ሲጨናነቁ የብላክቤሪ መልእክቶች በሌላ መንገድ ይሄዱ ስለነበር ብዙዎቹ ደረሱ። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ለአባላቱ መሣሪያውን አደለ። ቤስ ከግል ድርጅት ወጥቶ የመንግሥት ዕቃ የሆነው በዚህ ጊዜ ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በቴክኖሎጂ ሥራ የተሰማሩ ወገኖቻችንም ከሱ ጋር ሌሊት ያደሩ አይጠፉም።

ከፍተኛው ፈተናው ግን የመጣው ከባሕረ ሰላጤው ነው። በ2010 የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ቴሌኮም ተቆጣጣሪ የብላክቤሪ አገልግሎቶችን ከኦክቶበር 11 ጀምሮ እንደሚያግድ አስታወቀ፤ ሳዑዲ ዐረቢያም ተመሳሳይ እርምጃ ጀመረች። መንግሥታቱ የጸጥታ ሥጋት ይላሉ፤ መልእክቶቹ ከአገር ወጥተው የሚያልፉ፣ በምስጢር የተቆለፉ ናቸው። ኩባንያው የሰጠው መልስ በቤስ የሚሠሩ ደንበኞች ቁልፋቸውን ራሳቸው እንደሚፈጥሩ፣ እሱም ሁሉን የሚከፍት ቁልፍ እንደሌለው ነበር። ኤምሬቶች እገዳው ሊጀምር ሦስት ቀን ሲቀረው ሐሳባቸውን ተዉት። በዚያን ጊዜ ዱባይና ሪያድ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ጭንቀቱን ያስታውሱ ይሆናል። አንድ ልዩነት ግን መነገር አለበት፤ ተራው ተጠቃሚ በቤስ አልነበረም። ያ ጥብቅ ምስጢር የመሥሪያ ቤቶች ነበር፤ በሱቅ ስልኩን ገዝቶ የሚጠቀመው ሰው ያን ያህል አልተከለለም።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ ጉድለቱም ቀላል አልነበረም። ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ፈቃድ ይገዛለታል። ሰርቨሩ የራሱን ዳታቤዝ ይፈልጋል፤ በሌሎች ሰዎች ስም ኢሜይል ለመላክ ልዩ መብት ያለው መለያ ይፈልጋል። ያ መብት በአንድ የማይክሮሶፍት ማሻሻያ ምክንያት ሲነሣ ሁሉም ይቀበላል፣ ማንም አይልክም። ትልቁ ድክመቱ ደግሞ ያ ታማኝ መልእክተኛ፣ የኩባንያው ማስተላለፊያ ማዕከል ነው። ቁልፉ በየቤቱ ተበትኖ መንገዱ ግን አንድ ነበር። ኦክቶበር 10 ቀን 2011 አንድ ዋና የኔትወርክ ማዞሪያ ተበላሸ፤ ለመጠባበቂያ የተቀመጠውም በተፈተነው ልክ አልሠራም። ችግሩ ከእንግሊዝ፣ ስላው ከምትባል ከተማ ተነሥቶ አውሮፓን፣ መካከለኛው ምሥራቅንና አፍሪካን፣ ቀጥሎም ህንድን፣ ላቲን አሜሪካን፣ በመጨረሻም ሰሜን አሜሪካን ደረሰ። ሦስት ቀን ያህል ቆየ። ባለሙያዎች የራሳቸው ሰርቨር ጤነኛ ሆኖ፣ መብራቱ ሁሉ አረንጓዴ እየበራ፣ ለአለቆቻቸው የሚሰጡት መልስ አጡ። ላዛሪዲስ በቪዲዮ ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ፤ በቀጣዩ ጃንዋሪ እሱና አብሮት ኩባንያውን ይመራ የነበረው ጂም ባልሲሊ ከሥራ አስኪያጅነት ወረዱ።

ሆኖም ቤስን የገደለው ይህ አይደለም። የገደለው ሰው የራሱን ስልክ መውደዱ ነው። አይፎን በጁላይ 2008 የማይክሮሶፍትን የኢሜይል ማመሳሰያ፣ አክቲቭሲንክን ይዞ የመሥሪያ ቤት ኢሜይል መቀበል ጀመረ። በጁን 2010 አፕል ከአራተኛው አይኦኤስ ጋር ስልኮችን ከሩቅ ማዘዣ ሥርዓት አወጣ፤ ሌሎች ኩባንያዎችም በላዩ ላይ መሣሪያ ሠሩ። መጀመሪያ የነበሩት ደንቦች ከቤስ ጋር ሲተያዩ እዚህ ግቡ የማይባሉ ነበሩ። ባለሙያው የጎደሉትን ደንቦች ዝርዝር ይዞ አለቃው ዘንድ ሊከራከር ሲገባ አለቃው አዲሱን አይፎን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ይጠብቀው ነበር። ክርክሩ እዚያው ያልቃል።

በጃንዋሪ 2013 ኩባንያው አሥረኛውን ትውልድ ሲያወጣ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ብላክቤሪ 10 ስልኮች ፖስታቸውን የሚቀበሉት በቤስ የድሮ መንገድ ሳይሆን በዚያው በአክቲቭሲንክ ነበር። አሮጌዎቹን ስልኮች ያልጣለ መሥሪያ ቤት አምስተኛውን የቤስ ትውልድ ሳያጠፋ አዲሱን ከጎኑ መትከል ግድ ሆነበት። ሽግግሩን ያየ ሰው አይረሳውም። አሮጌዎቹ ደንቦች ወደ አዲሱ እንዳሉ አይሻገሩም። ስለዚህ አንድ በአንድ ይነበባሉ፤ ይህን ማን አዘዘ፣ ለምን አዘዘ ይባላል። የብዙዎቹን ምክንያት የሚያውቅ ሰው ሥራ ለቋል። ስልኮቹ ይሰበሰባሉ፣ ይጸዳሉ፣ አዳዲሶቹ ይታደላሉ፤ አንድ ስልክ ሲወጣ ከአሮጌው ሰርቨር አንድ ስም ይሰረዛል። በመጨረሻ የሚቀረው ሁልጊዜ አልለውጥም ያለ አንድ ትልቅ ሰው ነው፤ ለሱ ሲባል ሰርቨሩ ወራት ይጨምራል። በ2014 መጨረሻ አሥራ ሁለተኛው ትውልድ አሮጌውንና አዲሱን፣ የሌሎች ኩባንያዎችንም ስልኮች በአንድ ጣሪያ ሥር አመጣ። በዲሴምበር 2016 ስሙም ተለወጠ፤ ብላክቤሪ ዩኢኤም ተባለ። ቤስ የሚለው ስም በዚያው ቀረ።

የተተካበት ነገር በብዙ ይበልጠዋል። ዛሬ ሠራተኛው የራሱን ስልክ ይዞ መጥቶ የመሥሪያ ቤቱ ድርሻ ብቻ ለብቻው ይከለላል፤ ሥራ ሲለቅ ያ ድርሻ ብቻ ይጠፋል። በቀድሞዎቹ የቤስ ትውልዶች የማጥፋት ትእዛዙ አንዴ ከወጣ የልጅ ፎቶም አብሮ ይሄድ ነበር። ይህን ያየሁ ሰው ወደ ድሮው እንመለስ አልልም። የጠፋውን ግን መጥራት ይገባል። አሁን ብዙ መሥሪያ ቤቶች የስልኮቻቸውን ደንብ የሚጽፉት በሌላ ኩባንያ ክላውድ ላይ ነው። ምን ማዘዝ እንደሚቻል የሚወስነው ስልኩን የሠራው ድርጅት ነው፤ ደንቡ ሲቀየር አስተዳዳሪው ከሌላው ሰው ጋር እኩል ይሰማል። ቤስ የመሥሪያ ቤቱን ሥልጣን በመሥሪያ ቤቱ ክፍል አስቀምጦ ነበር። ለ400 ደንቦች መልስ የሚሰጠውም በሩን የሚከፍተውም ያው አንድ ሰው ነበር፤ ለስሕተቱም የሚጠየቀው እሱው ነው። ከተተኪዎቹ ይህን ያህል ለባለቤቱ የታመነ አላየሁም።

እንግዲህ በየመጋዘኑና በየካቢኔው ሥር ከነአቧራው የተቀመጠ የቤስ ማሽን ያላችሁ ባልደረቦች፣ አንድ ልመና አለኝ። የስልኮቹ ቁልፎች የሚመዘገቡት በዚያው ዳታቤዝ ውስጥ ነበር፤ ያ ዳታቤዝ አሁንም ዲስኩ ላይ፣ በባክአፕ ቴፖቹም ላይ አለ። ለጨረታ ከመውጣቱ በፊት ዲስኩን በደንብ አጥፉት፣ ቴፖቹንም አትርሱ።