ቁጠባው ከማን ጉሮሮ ነው?

“ድሮ ልጅ ያለ ወጪ ነበር የሚያድገው” የሚል ወሬ በዝቷል። ለቅሶ ቤት ትሰሙታላችሁ፣ ክርስትና ድግስ ላይ ትሰሙታላችሁ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዳይፐር ልገዛ ብሎ ሱቅ ገብቶ፣ ዋጋ ጠይቆ፣ ባዶ እጁን ከወጣ አባት አፍ ትሰሙታላችሁ። “እኛን እናታችን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልላ፣ በአንቀልባ አዝላ፣ ጡቷን አጥብታ አሳደገችን። ምን ጎደለን?” ይላል። አጠገቡ ያለውም ራሱን ይነቀንቃል። ጡጦ የለ፣ የሕፃን ጋሪ የለ፣ “ቤቢ ሻወር” የሚሉት ጉድ የለ!

ወሬው ደስ ይላል። ግማሹ እውነት ነው፤ ምናልባትም ከግማሽ በላይ። ግን “ምን ጎደለን?” የምትለዋ ጥያቄ ተስቆባት የምትታለፍ አይደለችም። መልስ አላት፤ መልሱን ፍለጋ ደግሞ እስከ ሰቆጣ እንሄዳለን።

ለምን ሰቆጣ አትሉም? አንደኛ፣ አዲስ አበባ ላይ ትዝታ የሆነው ነገር በዋግ ኽምራ ደጋ ዛሬም የዕለት ኑሮ ነው። በደሃናና በጋዝጊብላ አንቀልባ የግድግዳ ጌጥ አልሆነም፤ ልጅ ይታዘልበታል። ሁለተኛ፣ መንግሥት ሐምሌ 2007 ዓ.ም ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2030 (እ.ኤ.አ.) አጠፋለሁ ብሎ ቃል ሲገባ፣ ለቃሉ የመረጠለት ስም “የሰቆጣ ቃል ኪዳን” የሚል ነው። ሥራውም የተጀመረው በተከዜ ተፋሰስ ባሉ የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ነው። ልጅ “ያለ ወጪ” ያድግበታል የምንለው አገር፣ ልጅ እንዳይቀነጭር ለተገባው ቃል መጠሪያ ሆነ ማለት ነው። ነገሩ ቆም ብሎ ማሰብን ይጠይቃል።

በመጀመሪያ ለድሮው የሚገባውን ምስጋና እንስጠው። የድሮው ቤት ከዕቃ በመቆጠብ ተወዳዳሪ የለውም። ብዙ ታጥቦ የለሰለሰ ነጠላ ይቀደድና የሽንት ጨርቅ ይሆናል፤ ለሕፃን ገላ ከአዲስ ጨርቅ ይልቅ የሚመቸውም እሱ ነው። የታላቁ ልብስ ለታናሹ፣ የታናሹ ለጎረቤት ልጅ ይተላለፋል። አንቀልባው ቆዳ ነውና ስንቱን ልጅ አሳድጎ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። የጡት ወተት ማገዶ አይፈልግ፣ ውኃ አይፈልግ፣ ቆርቆሮ አይፈልግ። የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ጡት ይጥባ ብሎ የሚመክረውን፣ የደጋዋ እናት ማንም ሳይነግራት ስታደርገው ኖራለች።

አንቀልባን በኋላ ቀርነት ለሚፈርጅ ሰው ደግሞ አንድ ታሪክ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1978 የኮሎምቢያ ዋና ከተማ በሆነችው በቦጎታ፣ ኤድጋር ሬይ የተባሉ ሐኪም ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት የማሞቂያ መሣሪያ አጠራቸው። ምን አደረጉ? ሕፃናቱን በእናቶቻቸው ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ አድርገው እንዲታቀፉ አስጀመሩ። ይኸው ከችግር የተወለደ ብልሃት ዛሬ “የካንጋሮ እንክብካቤ” ተብሎ መሣሪያው በሞላባቸው አገሮች ሳይቀር ይሠራበታል። አዲስ አበባ ላይም ሐኪሞቻችን ሞክረውት ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2005 አሳትመዋል። አንቀልባ ከጀርባ፣ ካንጋሮ ከደረት ቢሆንም ሐሳቡ ዘመድ ነው።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። የድሮው ቤት ለወሊድ ሲዘጋጅ የሚዘጋጀው ለማን ነበር? ለአራሷ! ቅቤው የሚጠራቀመው፣ የገንፎው ገብስ የሚፈጨው፣ አጃው፣ ተልባው፣ ማሩ ሁሉ ለእሷ ነው። ጎረቤት “እንኳን ማርያም ማረችሽ” እያለ ሲገባ በመጀመሪያ ሊጠይቅ የመጣው እሷን ነው። ክርስትና እስኪነሣ፣ ለወንድ አርባ ለሴት ሰማንያ ቀን፣ የሚረዳት ሰው ያላት አራስ እንስራ አታነሣም፣ ጭስ ውስጥ አትገባም። የዛሬውን የከተማ ዝግጅት ደግሞ ተመልከቱት። ፊኛው፣ ኬኩ፣ አልጋው፣ ጋሪው ሁሉ የልጁ ነው። እናቲቱ ፎቶ ለመነሣት ትቆማለች፤ እግሯ አብጦ!

እንግዲህ ምስጋናው እዚህ ላይ ይብቃንና ወደ ሒሳቡ እንግባ። አንድ ነገር ያለ ወጪ ተሠራ ከተባለ ከፋዩ አልታየም ማለት ነው። ሥነ ቃል አስተምር በነበረበት ጊዜ ተማሪዎቼን እሹሩሩን በጥሞና እንዲያዳምጡ አዛቸው ነበር። ሁላችንም የእናት ዜማ አድርገን ነው የምናስበው። ቃሉን ልብ ላለው ግን የምታባብለው ብዙ ጊዜ እናት አይደለችም፤ እናቲቱ ቶሎ እንድትመጣ የምትጣራ ሌላ ሴት ናት። እናትስ የት ሄዳ ነው? የደጋውን ኑሮ የሚያውቅ ሰው መልሱ አይጠፋውም፦ ውኃ ልትቀዳ፣ እንጨት ልትለቅም፣ ልታርም፣ ገበያ ልትወጣ። ሕፃኑን አዝላ የምታባብለውም ብዙ ጊዜ ራሷ ልጅ ናት፤ ትምህርት ቤት መሆን የሚገባት የሰባት፣ የስምንት ዓመት እኅት። የሞግዚት ደመወዝ ተቆጠበ የምንለው ከእሷ ዕድሜ ላይ ነው።

ወደ እናቲቱ ገበታ እንምጣ። አራስ ሆና ገንፎ በቅቤ የምትበላው ሴት ከዚያ በፊት በነበሩት ዘጠኝ ወራት ምን ትበላ ነበር? ባልና እንግዳ በልተው፣ ልጆች ጠግበው የተረፈውን። ይባስ ብሎ “ብዙ ከበላሽ ልጁ ይገዝፍና ምጡ ይጠናብሻል” ትባላለች። ጾሙም አለ። የነፍስ አባቷ ነፍሰ ጡር ናትና ትብላ ብለው ሊፈቅዱላት ይችላሉ፤ እሷ ግን “ሰው ምን ይለኛል” ብላ ትጾማለች። ሐኪሞች “የመጀመሪያዎቹ አንድ ሺህ ቀናት” የሚሉት እኮ የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ 270 የእርግዝና ቀን፣ 730 ደግሞ ልጁ ሁለት ዓመት እስኪሞላው። የልጁ አካልና አእምሮ መሠረቱን የሚጥለው በእነዚህ ቀናት ነው። የአርባ ቀን ገንፎ ደግሞ፣ ቅቤው የቱንም ያህል ቢሆን፣ ለአንድ ሺህ ቀን አይበቃም።

ልጁ ስድስት ወር ሲሞላው የጡት ወተት ብቻውን አይበቃውም። “ከገበታው ይቅመስ” ይባላል። ገበታው ላይ ያለው ደግሞ እንጀራና ሽሮ ነው። ጓሮ ዶሮ አለች፤ እንቁላሉ ግን ገበያ ይወጣል፤ ጨው ይሆናል፣ ዘይት ይሆናል፣ የታላቁ ደብተር ይሆናል። ጾም ከሆነ ደግሞ ድስቱ እንዳይነካካ ተብሎ ለሕፃኑም ወተትና እንቁላል አይሠራለትም። ሕፃን የመጾም ግዴታ የለበትም፤ በድስቱ ምክንያት ግን ይጾማል። በ2008 ዓ.ም የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንደሚለው፣ በአገሪቱ ከ6 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት የምግቡ ዓይነትም ድግግሞሹም ከዝቅተኛው መመዘኛ የደረሰላቸው ከ100 ሰባቱ ብቻ ነበሩ። ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ልጆች ከ100 ሠላሳ ስምንቱ ቀንጭረዋል፤ በአማራ ክልል 46ቱ።

“ምን ጎደለን?” ላለው አባት መልሱ እዚህ ውስጥ አለ። ከመቶ ልጅ ግማሹ ለመሆን ጥቂት የቀረው ሲያጥር ማጠር ዓይን ውስጥ አይገባም። “ዘራችን ነው” ይባላል፤ “አባቱም እንዲሁ ነበር” ይባላል። አባቱስ በምን አድጎ?

ነፃ ከሚባሉት ልማዶች መካከል ከናካቴው ዕዳ የሆኑም አሉ። ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከለው የመጀመሪያው ወተት፣ እንገሩ፣ “ቆሻሻ ነው” ተብሎ ይደፋና በምትኩ ሕፃኑ ቅቤ እንዲውጥ ይደረጋል። እንጥል ማስቆረጡ፣ ግግ ማስወጣቱ አለ። ቤት ውስጥ መውለድም ርካሽ ነበር። በ1992 ዓ.ም ጥናት በጤና ተቋም የተወለዱት ሕፃናት ከ100 አምስቱ ብቻ ነበሩ። የዚያው ጥናት ግምት በሕይወት ለሚወለዱ 100,000 ሕፃናት 871 እናቶች ይሞታሉ የሚል ነው። ርካሽነቱ ይኼን ያህል ያስከፍል ነበር።

የከተማው ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ “ተመስገን፣ እኛ ተምረናል” ሊል ይችላል። ቆይ እስቲ! ከተማው በዕቃ ላይ ያወጣና ከሰው ላይ ይቆጥባል። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉን እንይ። በ1996ቱ አዋጅ እናት ከወለደች በኋላ የምታርፈው 60 ቀን ነበር፤ የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1156 ወደ 90 አሳድጎታል። ደግ አደረገ። ግን ሐኪሙ ስድስት ወር ጡት ብቻ ይላል፣ ሕጉ ሦስት ወር ይሰጣል፤ ቀሪውን ሦስት ወር ማን ይሙላው? ቆርቆሮው! የዱቄት ወተት ንጹሕ ውኃ በሌለበትና እንዲበረክት ተብሎ ቀጥኖ በሚበጠበጥበት ቤት ምን እንደሚያደርስ ዓለም ካወቀው ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1977 በኔስሌ ላይ የግዢ ማዕቀብ የተጠራው፣ በ1981ም የዓለም ጤና ጉባኤ የጡት ወተት ተተኪዎችን ሽያጭ የሚገዛ ደንብ ያጸደቀው በዚሁ የተነሣ ነው። ልጁን ቀኑን ሙሉ የምትይዘውስ ማን ናት? ብዙ ጊዜ ከገጠር የመጣች ልጅ። ያቺ ወንድሟን አዝላ ትምህርት የቀረባት እኅት፣ ከፍ ስትል እኛው ቤት የሰው ልጅ ታዝላለች።

“ታዲያ የሌላት እናት ምን ታድርግ?” የሚለኝ አይጠፋም። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ዋግ የ1977ቱን ረሃብ ያየ አገር ነው። በ2013 ዓ.ም ማብቂያ ጦርነቱ ሰቆጣ ገብቷል፤ በ2016 ዓ.ም ደግሞ ድርቁ ነበር። እንቁላሉን የሸጠችው እናት የእንቁላልን ጥቅም ሳታውቅ ቀርታ ላይሆን ይችላል፤ ጨው ስለሌላት ነው። እሷን “ተማሪ” ብሎ መገሠጽ ቀላል ነው፤ “ብልህ ናት፣ በምንም ታሳድጋለች” ብሎ ማሞገስም የዚያኑ ያህል ቀላል ነው። ሁለቱም ከኪሳችን ምንም አያስወጡም። እኔ የምወቅሰው እሷን ሳይሆን ችግሯን ጥበብ ብለን ለራሳችን መጽናኛ የምናደርገውን እኛን ነው። “ልጅ በዕድሉ ያድጋል” የምትለዋን ተረትም ለዚህ ተጠቅመንባታል። ወጪውን ሁሉ ለዕድል አስተላልፈን እጃችንን ታጥበን እንቀመጣለን።

ድሮውን ሳይንቁ፣ ሳያመልኩትም መጠቀም እንደሚቻል የሚያሳይ ነገር ግን አለ። እናቶች ጤና ጣቢያ መጥተው አንወልድም ባሉ ጊዜ፣ አንዱ ምክንያታቸው እዚያ የቤት ወግ የለም የሚል ነበር። ታዲያ በየገጠሩ ጤና ጣቢያ ገንፎ ማገንፋት፣ ቡና ማፍላት ተጀመረ፤ መውለጃዋ የተቃረበች ሴት የምትቆይበት ክፍልም ተዘጋጀ። አዋላጅ ነርሷና ገንፎው አንድ ጣሪያ ሥር ገቡ። በ1992 ዓ.ም ከ100 አምስት የነበረው በተቋም የመወለድ ቁጥር በ2011 ዓ.ም 48 ደርሷል። ሁሉንም ገንፎው አመጣው አልልም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ፣ መንገዱና አምቡላንሱም አሉበት። ግን ከድሮው ቤት ተመርጦ የተወሰደው አራሷን የማብላቱ ወግ መሆኑ ትልቅ ማስተዋል ነው።

እኛም በየቤታችን እንዲሁ ብንመርጥ ምን አለበት? አሮጌው ነጠላ ይቀደድ፣ የታላቁ ልብስ ይውረድ፣ ጋሪው ይቅር። በተረፈው ብር እናቲቱ ከእርግዝናዋ ጀምሮ ትብላበት፤ እንቁላሉ ቤት ይቅር። አራስ ስንጠይቅም አሻንጉሊቱን ትተን ቅቤና እንቁላል ይዘን እንሂድ፤ ቡና ጠጥተን ከመነሣታችን በፊትም የተከመረውን ጨርቅ አጥበን እንስጣት።

“ድሮ ልጅ ያለ ወጪ ያድግ ነበር” የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ደግሞ አትከራከሩት። “እናትህ ያን ጊዜ ምን ትበላ ነበር?” ብላችሁ ብቻ ጠይቁልኝ። ብዙው ሰው መልስ የለውም። ስትበላ አላያትማ።