ቀበሌው ክፍል ሲሆን

በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪ ከግቢው ወጥቶ ገጠር ሳያይ አይመረቅም። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1983 የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሆኖ ከተከፈተ ጀምሮ መለያው ይኸው ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ነው።

ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው ቤት ለቤት ይዞራሉ። መጸዳጃ ቤት አለ? የሚጠጣው ውኃ ከየት ይቀዳል? ሕፃኑስ ክትባቱን ጨርሷል? መልሱን መዝግበው፣ ችግሮቹን በክብደታቸው ደርድረው ከነዋሪው ጋር መፍትሔ ያቅዳሉ። ወደ ምረቃው ሲጠጉ ደግሞ የሕክምና፣ የነርስ፣ የፋርማሲና የላቦራቶሪ ተማሪዎች እንደ አጋሮ ባሉ ከተሞች ጤና ጣቢያ ለሳምንታት አብረው ይሠራሉ። ሐኪምና ነርስ ሥራ ከመያዛቸው በፊት እንዲህ መተዋወቃቸው ብቻውን ትልቅ ነገር ነው።

ሐሳቡ ቀደምት አለው። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅም ጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን ያሠለጥን ነበር።

ታዲያ ይህ ሁሉ የሚያምረው መኪና ሲኖር ነው። የተቋሙ አውቶቡስ ካልመጣ ተማሪው ለሚኒባስና ለባጃጅ ከኪሱ ሊያወጣ ነው፤ ክረምት ላይ ደግሞ አስፋልቱ ካለቀበት ወዲያ በእግር ከመሄድ ሌላ ምርጫ የለም። በጀት የምታጸድቁ ሰዎች፣ የነዳጁን ወጪ ከመማሪያ መጽሐፍ እኩል ቁጠሩት።