«ኔቲቭ ኮሎኒያሊዝም» ስለ ተባለው መጽሐፍ

ዶክተር ይርጋ ገላው ወልደየስ በ2017 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ቋንቋ ያሳተሙትን «ኔቲቭ ኮሎኒያሊዝም» የተባለውን መጽሐፍ፥ አንድ የሞጣ ተማሪ ቤት መምህር እያነበበ ወደ አማርኛ እየመለሰልኝ በብዙ ምሽት ሰማሁት። ስለዚህ ቃሉን ለመንቀፍ አልደፍርም፤ ሐሳቡን ግን ቅኔ እንደሚታረም አድርጌ እመረምረዋለሁ።

አርእስቱ «አገር በቀል ቅኝ ገዥነት» ማለት ነው። ሰሙን ብቻ የሰማ ሰው፥ ኢትዮጵያ ቅኝ ያልተገዛች አገር ናትና ነገሩ ስሕተት ይመስለዋል። ወርቁ ግን፥ ባዕድ በጦር ያላገኘውን የገዛ ሰዎቻችን በተማሪ ቤት በኩል ወደው ሰጡት ማለት ነው። ይህ እውነት ነው። በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ተማሪ ቤት መምህራኑን ከግብፅ አስመጣ፤ በቢቸና አጠገብ ያለው የዲማ ጊዮርጊስ ጉባኤ ግን ከአዲሱ ሥርዓት ውጭ ቀረ። (ግብጻውያኑ እንዲመጡ የፈለጉ አቡነ ማቴዎስ ነበሩና፥ የቤተ ክህነትን ድርሻ አንካድ።) በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የመጀመሪያውን ደረጃ ለአፍ መፍቻ ቋንቋ ሲፈቅድ፥ ሁለተኛውንና ከፍተኛውን ደረጃ ለእንግሊዝኛ ሰጠ። እንዲህ ሆኖ የገበሬው ልጅ ያልገባውን ቃል ይሸመድዳል። በቅኔ ቤት ደቀ መዝሙሩ ገና ጉባኤ ቃና ሲቈጥር የራሱን ሐሳብ ይዞ በመምህሩ ፊት ይቀርባል፤ የሌላውን ቢደግም ነውር ነው። ከሁለቱ ማንኛው ነጻ ሰው እንደሚያወጣ አንባቢ ይፍረድ።

ነገር ግን ጉባኤያችንን የሚያመሰግን ሁሉ ጉድለቱንም ይቍጠር። እኔ ራሴ አኩፋዳ አንግቼ፥ ውሻ እያባረረኝ፥ በቍራሽ ተምሬአለሁ፤ ስንቱ ባልንጀራዬ በራብና በበሽታ ትምህርቱን ትቶ ተመለሰ! እኅቶቻችንማ ከጉባኤው ደጅ አልደረሱም። ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በጎጃም ቅኔ ማስተማራቸው እስከ ዛሬ የሚያስደንቀን፥ እንደ እርሳቸው ያለች ሌላ ሴት ስላጣን ነው። ድኻውንና ሴቲቱን በደጅ ያቆመ ጉባኤ ስለ ፍትሕ ሲናገር ድምፁ ይሰለላል።

በደራሲው ላይ ያለኝ ወቀሳ አንድ ነው። ትምህርት በባዕድ አፍ መሰጠቱን የሚነቅፍ መጽሐፍ በባዕድ አፍ ተጻፈ። ፖሊሲ የሚያወጡት እንግሊዝኛ ያነብባሉ ይባል ይሆናል፤ ነገሩ የሚነገርላቸው የኔታዎች ግን እንደ እኔ አስተርጓሚ ካላገኙ አይሰሙትም። ለመተርጐም የሚነሣ ሰው ቢገኝ፥ ስለ ግእዝና ስለ ቅኔ የሚናገረውን ክፍል በማቃናት ልረዳው ፈቃደኛ ነኝ።