ጉብኝት ወይስ ሥልጠና? ከማሠልጠኛ ሆስፒታል ውጭ ስለሚደረግ የቀዶ ሕክምና ሮቴሽን

አንድ የጠቅላላ ቀዶ ሕክምና ሬዚደንት ከማሠልጠኛ ሆስፒታሉ ወጥቶ በሌላ ተቋም በአንድ ልዩ ዘርፍ ለተወሰኑ ሳምንታት እንዲሠራ መደረጉ መሠረተ ሐሳቡ ትክክል ነው። የቃጠሎን፣ የጭንቅላት ጉዳትን፣ የአጥንት ስብራትንና የሕፃናትን ቀዶ ሕክምና በበቂ ሕሙማንና በበቂ መምህራን አሟልቶ የያዘ ሆስፒታል ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ኢትዮጵያ በመጡት ሐኪሞች በሬጂናልድና በካትሪን ሐምሊን የተመሠረተው የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ለዚህ ጉልህ ማስረጃ ነው፤ በሌላ ሆስፒታል አልፎ አልፎ የሚያጋጥመው ሕመም በዚያ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተው የምሥራቅ፣ የማዕከላዊና የደቡባዊ አፍሪካ ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅም ሥልጠናውን በአንድ ግቢ ሳይወስን ዕውቅና በሰጣቸው ሆስፒታሎች ያካሂዳል።

ስለዚህ ሊተች የሚገባው መውጣቱ ሳይሆን አወጣጡ ነው። ሳምንታቱ ተቆጥረው ቅጹ ሲፈረም ሮቴሽኑ እንደተፈጸመ ይወሰዳል። ሬዚደንቱ ግን ብዙ ጊዜ ወደ ተቀባዩ ሆስፒታል የሚገባው እንደ እንግዳ ነው። ሆስፒታሉ የራሱ ሠልጣኞች ካሉት ለእንግዳው ተራ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው፤ ሲኒየር ሐኪሙም የእጁን ሥራ ስለማያውቅ ምላጩን አያስጨብጠውም። መተማመኑ ሲጀመር ጊዜው ያልቃል። በዚህ ላይ የላከው ሆስፒታል ተረኛ ሲያጥረው መልሶ ሊጠራው ይችላል። ቀዶ ሕክምናውን አይቶ፣ የቁስሉን ማመርቀዝ ወይም የአጥንቱን አለመግጠም ሳያይ ይመለሳል።

በአሜሪካ የድኅረ ምረቃ የሕክምና ሥልጠና ዕውቅና ሰጪ ምክር ቤት በ5 ዓመቱ የጠቅላላ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና ቢያንስ 850 ዐበይት ቀዶ ሕክምናዎች እንዲሠሩ ይጠይቃል፤ በረዳትነት መቆም ከዚህ ቁጥር አይገባም። በማሠልጠኛውና በተቀባዩ ተቋም መካከልም የጽሑፍ ስምምነት እንዲኖር ያስገድዳል። ቁጥር ብቻውን ብቃትን አያረጋግጥም፤ «ማን ሠራው?» ብሎ መጠየቁ ግን ከ«ስንት ሳምንት ቆየ?» እጅግ ይሻላል።

የላንሴት የዓለም አቀፍ ቀዶ ሕክምና ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ዘገባ የአንድ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና አቅም መለኪያ አድርጎ የመረጣቸው 3 ናቸው፦ በቀዶ ሕክምና ማዋለድ፣ ሆድ ከፍቶ ማከምና ክፍት የአጥንት ስብራትን ማከም። የመጨረሻው በአብዛኛው የሚለመደው በአጥንት ሕክምና ሮቴሽን ነው። ከአዲስ አበባ ርቆ የሚመደብ ምሩቅ የሚያማክረው የአጥንት ስፔሻሊስት በአቅራቢያው ላያገኝ ይችላል። በሮቴሽኑ ወቅት መንጠቆ ይዞ ብቻ ቆሞ ከነበረ፣ የጉድለቱን ዋጋ የሚከፍለው እግሩን የሚያጣው በሽተኛ ነው።

መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ሬዚደንቱ ከመሄዱ በፊት በራሱ እጅ የሚሠራቸው ቀዶ ሕክምናዎች በጽሑፍ ይወሰኑ። በተቀባዩ ሆስፒታል ኃላፊነቱን የሚወስድ አንድ መምህር በስም ይታወቅ። በሥልጠና መዝገቡ ላይ ዋና ሠሪ፣ ረዳት ወይም ተመልካች መሆኑ ተለይቶ ይጻፍ። የቆይታው ጊዜም ያከማቸውን ሕሙማን በተመላላሽ ክፍል መልሶ እስኪያይ የሚበቃ ይሁን፤ በዚህ መካከልም ለተረኝነት አይጠራ። እነዚህ ካልተሟሉ ሮቴሽኑ ጉብኝት እንጂ ሥልጠና ሊባል አይገባውም።